የጠባሴው የግሩፕ ንባብ ኮርስ፦ ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እህትህ የምትማረው የእንግሊዝኛ ነገር እንዴት ነው፣ ልጄን ላስመዝግባት ወይ?" ስለሚለኝ በአንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ንባብ ማጠናከሪያ ነው፣ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ልጆች፣ ሁሉ ነገሩ በግሩፕ። የማዕከሉን ስም አልጠራም፣ የማመሰግንበትም የማማርርበትም ስላለኝ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይመስል። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፣ ሌላው ደግሞ እኔ የታዘብኩትን ይዞ የራሱን ሰፈር ማጠናከሪያ ይመዝንበት።

እህቴ ከመንዝ፣ ከሞላሌ ነው የመጣችው። በፀጥታው ምክንያት ትምህርቷ ሲቆራረጥባት እናታችን "አንተ ጋ ትሁንልኝ" አለችና አመጣኋት፣ 9ኛ ክፍል ገባች፣ እና እንደምታውቁት 9ኛ ላይ ባዮሎጂው ጂኦግራፊው ሂስትሪው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ማንበብ አትችልም እንዳልል ትችላለች። ጮክ ብለሽ አንብቢ ካልኳት አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ ትወርደዋለች፣ ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ "ወይ እቺ ልጅ፣ ፈረንጅ ሆናለች እኮ" ብሎ ነው የሚሄደው። ከዛ መጽሐፉን ከድኜ "እሺ፣ ምን አለ?" ስላት ዝም። አንድ ቀን እንደውም "ጋሼ፣ አንብቢ አልከኝ እንጂ ይግባሽ መቼ አልከኝ" ብላኛለች። እውነቷን ነው። ትምህርት ቤትም ቢሆን ተነሽ አንብቢ ነው የሚባለው፣ አንብባ ስትጨርስ ቁጭ በይ፣ ቀጣይ።

ይሄ የሷ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 ከመቶ ነው። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ ስንት ነገር አለ። ግን የፊዚክሱም የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጥያቄው ራሱ ያልገባው ልጅ ፊዚክሱን ይሳት እንግሊዝኛውን ይሳት በምን ይለያል? ለዛ ነው ከተማው በማጠናከሪያ የተሞላው፣ በየምሰሶው ላይ ወረቀት ነው።

እና ግሩፕ ሲሉኝ መጀመሪያ ፊቴን ነው ያጨማደድኩት። የኔ ዕድሜ ሰው 1 ለ 5ን ያውቃታል። አንድ ጎበዝ አምስት ተማሪ ይመደብለታል፣ ጎበዙ ይሰራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያጽፋሉ፣ አሳይመንቱ ይገባል፣ ማርኩ ለስድስት ይከፈላል። ጎበዙ ያማርራል፣ ሰነፉ ያመሰግናል፣ የተማረ ግን የለም። ስለዚህ የሄድኩት ለመጨቃጨቅ ተዘጋጅቼ ነው፣ አስተባባሪዋን "ይሄ ከ1 ለ 5 በምን ይለያል?" አልኳት። እሷም ብዙ አላወራችም፣ "ቅዳሜ ኑና ከኋላ ቁጭ ብለው ይዩት" አለችኝ። ይሄን ይሄን ወድጄላቸዋለሁ፣ ሳትከፍል ገብተህ ማየት ይፈቀዳል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንድ ገጽ የማትሞላ ፓሴጅ ይሰጣቸዋል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ስራ አለው። አንዱ ርዕሱንና የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል ይገምታል። አንዷ ከፓራግራፉ ጥያቄ ታወጣለች፣ ትመልሳለች ሳይሆን ታወጣለች፣ ይሄ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሶስተኛው ያልገባ ቃልም ይሁን የተወሳሰበ ዓረፍተ ነገር ለቅሞ ያፍታታል። አራተኛዋ ደግሞ በሁለት ዓረፍተ ነገር ታጠቃልላለች። ፓራግራፉ ሲያልቅ ስራው ይዟዟራል፣ ስለዚህ ጥያቄ ማውጣት የሚያስጠላው ልጅም ተራው ይደርሰዋል፣ ማምለጫ የለም።

ዘዴው እነሱ የፈጠሩት አይደለም፣ እነሱም ፈጠርን አላሉም። ሬሲፕሮካል ቲቺንግ ይባላል፣ አናማሪ ፓሊንክሳር እና አን ብራውን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት ነው የታወቀበት። እኔን የገረመኝ ግን እነማን ላይ እንደሞከሩት ነው፣ 7ኛ ክፍል ሆነው ፊደሉን አሳምረው የሚያነቡ ነገር ግን ያነበቡት የማይገባቸው ልጆች ላይ። የኔዋ ማለት ናት! እዛ አስተማሪው መጀመሪያ ራሱ እያደረገ ያሳያቸዋል፣ ከዛ ቀስ በቀስ እጁን እያወጣ ለልጆቹ ይለቅላቸዋል። እዚህም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቲቸሩ ራሱ ነው ጥያቄ ሲያወጣ ሲገምት የነበረው፣ ጮክ ብሎ እያሰበ፣ "እዚህ ጋ አልገባኝም፣ ስለዚህ ወደ ላይ ተመልሼ ላንብብ" እያለ። ቲቸር አልገባኝም ሲል የሰማች ልጅ ቤት መጥታ ለኔ እንደ ትልቅ ዜና ነው የነገረችኝ።

የገባሁበት ቅዳሜ ፓሴጁ ስለ ጓሳ ነበር፣ ቲቸሩ ራሱ ነው የጻፈው። የመንዙ ጓሳ የሳር ምድር፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ያለበት፣ ሰዉ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው፣ ሳሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋና ሲደርስ ለአጨዳ ይከፈታል። ፓሴጁ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፣ ወደኛ ስትመጣ "ሽማግሌዎቹ ሳሩ መልሶ ማደጉን እርግጠኛ እስኪሆኑ ድረስ ሰዉን ከሳሩ ያርቁት ነበር" ዓይነት ናት። የእንግሊዝኛው ላይ "ዘይ" (እነሱ) ነው ያለው፣ እርግጠኛ የሚሆኑት እነማን ናቸው የሚል ጥያቄ አንዷ አወጣች። ማትሪክ ላይ የምትመጣዋ ዓይነት ጥያቄ ናት።

እህቴ "ሰዎቹ" አለች፣ ቅርብ ያለውን ስም መያዝ ለምዳ። አንድ የመሀል ሜዳ ልጅ አለ፣ እንግሊዝኛው ከሁሉም ደከም ያለ ነው፣ ሲያነብ ይንተባተባል፣ እሱ ዘሎ "ኧረ ሽማግሌዎቹ ናቸው! ሰዉማ ሁሌም እርግጠኛ ነው፣ ማጨድ ነው የሚፈልገው!" አለ። ክፍሉ በሳቅ። ቲቸሩም ሳቀ ግን አልለቀቀውም፣ "በምን አወቅህ?" አለው። "አያቴ ሲያወሩ ሰምቼ።" "አያትህ ፈተና ላይ አብረውህ አይገቡም፣ መስመሩ ላይ አሳየኝ።" ልጁ አንገቱን ደፍቶ ፈለገ ፈለገና ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር በጣቱ ያዘ፣ ሁለት ሰው ልከው ሳሩን ያስዩ ነበር የሚለውን፣ ሰው የሚልክ ደግሞ ሽማግሌ ነው። እህቴ ትንሽ ተከራከረች፣ ከዛ "እሺ ተቀበልኩ" ብላ የራሷን መልስ ሰረዘች። አራት ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይሄን ያህል ሲቆይ እኔ በትምህርት ዘመኔ አይቼ አላውቅም፣ እኛ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሶስት ፓሴጅ አልፈን መልሱን ከሰሌዳ ገልብጠን ነበር።

ያን ቀን ከሁሉ በላይ እንግሊዝኛ የምትችለው እዚሁ ከተማ የተወለደች ልጅ ነበረች፣ ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች ግን ሳር ለምን እንደሚዘጋ ግራ ገብቷት ጥያቄዋ ሁሉ ከነገሩ ውጪ ሆነባት። በተቃራኒው ደካማው የመሀል ሜዳ ልጅ ነገሩን ስለሚያውቀው ተሻላት። ይሄም የተጠና ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሬክት እና ሌስሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለ64 የ7ኛና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚያወራ ጽሁፍ አስነብበው ነበር፣ ቤዝቦል የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ቤዝቦል ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ተገኙ። እና ጥያቄው ታዲያ ለምንድነው ሌሎቹ ፓሴጆች ከኢንተርኔት ወርደው ስለ ለንደን የምድር ባቡርና ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚሆኑት? ልጆቹ ባቡሩንም በረዶውንም አያውቁት፣ ግማሹ ሰዓት እሱን በመግለጽ ያልቃል። አስተባባሪዋን ጠይቄያት ቲቸሩ ሁሉንም መጻፍ አይደርስለትም አለችኝ። ይገባኛል፣ ግን አንኮበር አለ፣ ጣርማበር አለ፣ ይሄው አጠገባችን ብርድ ልብስ ፋብሪካው አለ፣ የሚጻፍ ነገር የጠፋበት አገር አይደለም። ፈተናው ስለማያውቁት ነገር ነው የሚጠይቃቸው የሚል ካለ አዎ፣ ወደዛ ግን ዘዴው እጃቸው ከገባ በኋላ ይሄዱበታል።

ወደ 1 ለ 5 ጥያቄዬ ልመለስ። መልሱን ያገኘሁት ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ ነው። ውይይቱ ሲያልቅ ወንበር ይራራቃል፣ ፓሴጁ ይሰበሰባል፣ አምስት ጥያቄ ለየብቻ ይሰራሉ፣ ማውራት የለም። የግሩፑ ማርክ የአራቱ አማካይ ነው። በቃ ይቺ ናት ነገሩን የቀየረችው፣ ምክንያቱም ጎበዟ መልሱን ለደካማው ብትሰጠው ምንም አይጠቅማትም፣ ፈተናው ላይ እሷ የለችማ፣ እንዲገባው ማድረግ አለባት። ደካማውም ዝም ብሎ ቢቀመጥ ሶስት ሰው ያኮርፈዋል። 1 ለ 5 ላይ ግሩፕ ነበረ፣ ለየብቻ መጠየቅ ግን አልነበረም።

የሚያወራው ልጅ ሁሌ እንዳያወራ ደግሞ ባቄላ አለ። ለእያንዳንዱ ሶስት ሶስት ባቄላ ይታደላል፣ ስትናገር አንዷን መሀል ታስቀምጣለህ፣ የጨረሰ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ዝም ይላል። ዝምተኛ ልጅ ባቄላውን ይዞ መጨረስ ስለሌለበት የግዱን ይተነፍሳል። የገጠር ሴት ልጆች እንዴት እንደሚያፍሩ የምታውቁ ይሄ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባችኋል፣ እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ባቄላዋን ይዛ ወደ ቤት ነበር የምትመጣው። አሁን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነው የምትጨርሰው። እኔ ባለሁበት ቀን ባቄላው ቆሎ ነበር መሰለኝ አንዱ ልጅ በልቶት ተገኘ፣ "እና አሁን ተናግረሃል ወይስ አልተናገርክም?" ተብሎ ፍርድ ተቀመጡ።

አንዳንድ ወላጅ የሚያማርረው በአማርኛ ይከራከራሉ ብሎ ነው። እውነት ነው፣ ክርክሩ አማርኛና እንግሊዝኛ ቅልቅል ነው፣ ጥያቄውና ማጠቃለያው ግን በእንግሊዝኛ መሆን አለበት። እኔ በዚህ ከማዕከሉ ጋ ነኝ። በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩ ቢባሉ ሶስት ቃል የሚያውቅ ልጅ ሶስት ቃል የሚያህል ሀሳብ ብቻ ነው የሚያወጣው። እንግሊዝኛ እንዲያወራልኝ ነው የምፈልገው የሚል ወላጅ ስፒኪንግ ኮርስ ይውሰደው፣ እዚህ አምጥቶ አይከራከር።

ጂግሶው የሚሉትንም አንዳንዴ ያሰሯቸዋል፣ ፓሴጁ ለአራት ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል አንብቦ ለሌሎቹ ያስተምራል። ኤሊየት አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አዲስ ተቀላቅለው ሲጣሉ አንዱ የሌላው እንዲያስፈልገው ብሎ ያመጣው ነው። ለመቀራረብ ጥሩ ነው፣ ለንባብ ግን እዚህ አልሰራም ባይ ነኝ። ዝናብ ጥሎ አንድ ልጅ ከቀረ ሩብ ፓሴጅ አብሮ ይቀራል። ደካማው ልጅ ደግሞ የራሱን ክፍል አዛብቶ ከተረዳው ያዛባውን ለሶስት ያስተላልፋል፣ ዋናውን ስላላነበቡት የሚያርመው የለም። ለጂኦግራፊ ምናምን ያርጉት።

አሁን ወደ ማማረሩ። ከሁሉ የከፋው የግሩፑ መጠን ነው። ስንመዘገብ አራት ነበሩ፣ ሰው ሲሰማና ሲበዛ ቅዳሜ ጠዋት ሰባት አደረጓቸው። ስራው አራት ነው፣ ልጁ ሰባት፣ ታዲያ ሶስቱ ምን ይስሩ? አንዱ ሰዓት ያዥ፣ አንዱ ጸሐፊ ተባለ፣ አንዷ ደግሞ "ረዳት" ተባለች፣ የምን ረዳት እንደሆነች እሷም አታውቀው። እዛች ጋ 1 ለ 5 በመስኮት ተመልሳ ገባች። ሄጄ ተናገርኩ፣ ሌሎችም ወላጆች ተናገሩ፣ የከሰዓቱን አራት አድርገው ጠዋቱን እንዳለ ተዉት። ገንዘብ ነው እንግዲህ ምን ይባላል።

ክፍያው በወር 700 ብር ነው፣ ሃንድአውት ለብቻው። ለሶስት ወር አንድ ላይ ክፈሉ ይላሉ፣ አትክፈሉ፣ የወር በወር ስትሏቸው ይቀበላሉ። መንገድ ተዘግቶ ወይ ቲቸር ሳይመጣ የቀረ ክፍለ ጊዜ አይካካስም፣ ሲጠየቁ "እናያለን" ነው መልሱ። ፎቶ ኮፒው ደግሞ ጉድ ነው፣ የቀለም ዱቄቱ ያለቀበት ማሽን ይመስለኛል፣ የገጹ ቀኝ ጠርዝ አይነበብም፣ ልጆቹ መጨረሻ ላይ ያለውን ቃል በግምት ነው የሚሞሉት። መገመትም አንዱ ስራቸው ነው ካላሉኝ! ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፣ ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ በጠዋት ህዳር ላይ እዛ ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለደብረ ብርሃን ሰው አልነግረውም። ጋቢ አስይዟቸው።

ለውጥ አላት ወይ ለምትሉኝ፣ አላት። ድሮ ፈተና ላይ ፓሴጁን ዘላ ግራመሩን ሰርታ ሰዓት ሲያልቅ ነበር መልስ የምታጠቁረው፣ አሁን ከፓሴጁ ነው የምትጀምረው። ባዮሎጂ ስታነብ ከዳር ላይ በእርሳስ ጥያቄ ትጽፋለች፣ ሳትባል። አንዳንዴ እኔንም ስልኬ ላይ ዜና ሳነብ መጥታ "እሺ ጋሼ፣ አጠቃልልልኝ" ትለኛለች፣ ያናድዳል። ያልተለወጠው ፍጥነቷና ቃላቷ ነው። ይሄ ከግሩፕ አይመጣም። አንድ ጽሁፍ ላይ ከ100 ቃል አምስት ስድስቱን የማታውቀው ከሆነ የቱንም ያህል ብትወያይ ትደክማለህ፣ ቃል የሚመጣው ለብቻ ተቀምጦ ቀለል ያለ ነገር ብዙ ከማንበብ ነው። ማዕከሉ ለልጅ የሚያውሰው አንድ መጽሐፍ እንኳ የለውም፣ ይሄ በኔ እይታ ከቀዝቃዛው ክፍል የባሰ ጉድለት ነው። እኔ ከቀለሜዋዎች ቤት ያረጁ የ5ኛና 6ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፎች ለምኜ ነው የማስነብባት፣ መጀመሪያ "የህጻን ነው" ብላ ተኮሳተረች፣ አሁን እየሳቀች ታነባለች።

ቤት የሚመጣ ቱቶር ይሻላል ወይ የሚል ጥያቄም ደርሶኛል። ዋጋው በጣም ይበልጣል፣ እኔ ያየኋቸው ቱቶሮች ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ይተረጉሙላታል፣ እሷ ትሰማለች፣ የገባው ለቱቶሩ ነው። ፊደሉን ገና መፍታት ለሚቸግረው ልጅ ግን ቱቶር ይሻላል፣ ይሄ ኮርስ ለሱ አይሆንም፣ ሶስት ልጅ እየጠበቀው ተንተባትቦ ሲያነብ ያፍርና ይቀራል፣ አንድ ልጅ እንደዛ ቀርቷል። የመሀል ሜዳው ልጅ ቀስ ብሎም ቢሆን ያነባል፣ ያኛው ግን ገና ቃሉን መጥራት ላይ ነበር። ፈተና ሁለት ወር የቀረው የ12ኛ ክፍል ተማሪም አይምጣ፣ ይሄ ቀስ የሚል ነገር ነው። አሳምሮ አንብቦ ምን አለ ሲባል ዝም የሚለው ነው ቦታው እዚህ።

በኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለጠዋቱ ከ5 ሁለት ተኩል፣ ለከሰዓቱ አራት። ለሚቀጥለው ዙር ከሰዓት አስመዝግቤያታለሁ። ልታስመዘግቡ የምትሄዱ ካላችሁ ቢሮ ገብታችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ክፍል ገብታችሁ አንድ ግሩፕ ላይ ስንት ልጅ እንዳለ በዓይናችሁ ቁጠሩ፣ መጨረሻ ላይም ለየብቻ ይፈተኑ እንደሆነ እዩ። ከአራት ከበለጡ "ከሰዓት አድርጉልኝ" በሉ፣ ሞልቷል ይሏችኋል፣ ትንሽ ቆማችሁ ስትጨቀጭቁ ቦታ ይገኛል።